ቤተሰብ ይዞ ከጎጃም ወደ ውጭ መውጣት፦ የወረቀቱን ጣጣ ከቀበሌ ጀምሮ መጨረስ

«ኤምባሲው ምን ምን ይጠይቃል?» ወደ ውጭ ሊወጣ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይኼንን ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ሁለተኛ ይሁን። መጀመሪያ ቤት ያለውን የወረቀት ሳጥን ክፈቱ። የብዙ ሰው ጉዳይ የሚጓተተው ያሉት ወረቀቶች እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ነው። ጋብቻው ላይ የአባት ስም አንድ ዓይነት ተጽፏል፣ የልጁ ልደት ላይ ሌላ ዓይነት። መታወቂያው ከተማዋን፣ ብቸና ይላል፣ የትምህርት ማስረጃው ወረዳውን፣ እነማይ ይላል። እዚህ ቢሆን «ኧረ ሰውዬው አንድ ነው» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ቪዛ የሚሰጠው ሰው ግን እናንተን አያውቃችሁም፤ የሚያውቀው ወረቀታችሁን ብቻ ነው።

የምትሄዱበት አገር ይለያያል፤ ከካናዳው የእንግሊዙ፣ ከእንግሊዙ የጀርመኑ ይለያል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ ወይም ከባሕር ዳር ስትነሱ እዚህ የምትሠሩት ሥራ ግን ያው ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ታስማማላችሁ። ቀጥሎ የማያረጀውን ታወጣላችሁ። ቀን የሚያልፍበትን መጨረሻ ላይ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ ሁለት ጊዜም ዓባይ በረሃን ትወርዳላችሁ።

1. ሁሉንም ወለሉ ላይ ዘርጉት

አንድ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ገጽ ስጡት፣ ጡት ለሚጠባውም ጭምር። በየገጹ ላይ ስሙን በአማርኛ፣ ከዚያ በላቲን ፊደል አንድ በአንድ፣ የአባት፣ የአያትና የእናት ስም፣ የልደት ቀን በእኛም በፈረንጁም አቆጣጠር፣ የትውልድ ቦታ ጻፉ። ከዚያ ያለውን ወረቀት ሁሉ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ ልደት፣ ጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ እየተነሳ እያንዳንዱ ምን እንደሚል አስፍሩ። የማይገጥመውን በቀይ እስክሪብቶ ክበቡት።

አብዛኛው ቀይ የሚያርፈው በላቲን አጻጻፉ ላይ ነው። በአማርኛ «ቃልኪዳን» አንድ ነው። በላቲን ግን አንዱ ጸሐፊ በኬ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኪው። «ፀሐይ» አንዱ ጋ በቲና በኤስ፣ ሌላው ጋ በኤስ ብቻ። «ጌታቸው» መጨረሻው አንዴ በደብሊው አንዴ በዩ። ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ናቸው። «ገብረ ሥላሴ»፣ «ተክለ ሃይማኖት»፣ «ኃይለ ማርያም» የመሳሰለው ስም ደግሞ አንድ ላይ ወይም ለየብቻ መጻፉን ተመልከቱ። ለየብቻ ከተጻፈ ውጭ አገር ያለው መዝገብ ሁለት ስም አድርጎ ይወስደዋል፣ አንድ ቀን «አቶ ሥላሴ» ተብላችሁ ስትጠሩ እንዳትደነግጡ።

አንዱን ወረቀት ዋና አድርጉ። ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ካለ ዋናው እሱ ነው፤ ከሌለ ፋይዳው ይሁን፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ስማችሁ በአማርኛም በላቲንም ተጽፏል፣ ዛሬ ዛሬም ብዙ ቢሮ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ዋናው ይስተካከላል። ፋይዳው ራሱ ከተሳሳተ ከሁሉ በፊት እሱን አስተካክሉ።

የትውልድ ቦታም እንደዚሁ። የድሮ ወረቀት «ጎጃም ክፍለ ሀገር» ይላል፣ የአሁኑ «ምሥራቅ ጎጃም ዞን» ይላል፣ አንዳንዱ ወረዳውን፣ አንዳንዱ ከተማውን ብቻ ይጽፋል። ቦታው አንድ ስለሆነ ይኼ ጉዳይ አያበላሽም፤ ግን ከዛሬ በኋላ የምታወጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ይበል። የክርስትና ስምም ተጠንቀቁ። የጥምቀት ማስረጃ ላይ «ወለተ ማርያም» የተባለች ልጅ ልደቷ ላይ «ቤዛ» ከሆነች፣ የዓለም ስሟም አብሮ የተጻፈበት ማስረጃ ከደብሩ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ፈረንጆቹን ግራ ወደሚያጋባው ነገር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፓስፖርታችን ላይ የቤተሰብ ስም በሚባለው ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። አባት ሙሉቀን አዝመራው ይሁኔ ቢሆን፣ ልጁ ቤዛ ሙሉቀን አዝመራው ናት። አባት «ይሁኔ»፣ ልጅ «አዝመራው»፣ እናት ደግሞ የራሷ አያት። በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም! ትምህርት ቤት ስታስመዘግቡ፣ ድንበር ላይ ስትቆሙ፣ ሐኪም ቤት ስትገቡ «የእርስዎ ልጅ ናት?» መባሉ አይቀርም። ለዚህ ብላችሁ ስም ልታስቀይሩ ፍርድ ቤት አትሂዱ። በምትሄዱበት አገር ቋንቋ የአንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፉ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ልጅ የአባቱን ስም ተከትሎ እንደሚጠራ፣ ሚስትም ስሟን እንደማትቀይር ይግለጽ፣ ከታች የአራታችሁም ወይም የአምስታችሁም ስም በሰንጠረዥ ይቀመጥ። ከልደቱ ጋር አያይዙት። አንድ ገጽ ናት፤ ብዙ ክርክር ታስቀራለች።

2. ቀኑን አሰሉ፣ ደግማችሁም አሰሉ

ከስም ቀጥሎ ሰው የሚያሰቃየው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ዓመቱ ላይ 7 ይደመራል፣ ከታኅሣሥ 23 በኋላ 8። ይኼን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ዘመነ ዮሐንስን ነው። ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 ስለሚያልቅ ቀጥሎ የሚመጣው ዮሐንስ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 መሆኑ ይቀርና 12 ይሆናል። ገና ታኅሣሥ 28 የሚውልበት ዓመት ማለት ነው። በዚያ ዓመት 8 የሚደመረውም ከታኅሣሥ 22 ጀምሮ ነው። የአንድ ቀኑ ልዩነት እስከ የካቲት 21 ይዘልቃል፤ ከየካቲት 22 በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል።

በምሳሌ ይታይ። መስከረም 1 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጁ የተወለደው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ነው። አንዱ ወረቀት 11፣ ሌላው 12 ካለ ትክክሉ 12 ነው። ባሕረ ሐሳብ የዘለቀ መሪጌታ በዘመድ ካላችሁ፣ ጎጃም ውስጥ ደግሞ የሌለው ሰው ብርቅ ነው፣ ከስልክ አፕሊኬሽኑ ጋር እሳቸውንም ጠይቁ። ሁለቱ ከተስማሙ ጨርሳችኋል።

ሌላው ስህተት ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ወርና ቀኑን እንዳለ መተው ነው። «ግንቦት 12» ብሎ «ሜይ 12» የሚጽፍ ጸሐፊ ታገኛላችሁ፤ ትክክሉ ሜይ 20 ነው። መስኮቱ ላይ እያላችሁ አስተካክሉ።

3. ቀበሌና ወሳኝ ኩነት

በአገር ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 760/2004፣ ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ከዚያ በፊት የተወለደ ወይም ቀኑ ያለፈበት በዘገየ ምዝገባ ይስተናገዳል። እዚያ ላይ ማስረጃ ይጠየቃል፦ የሆስፒታል ወይም የጤና ጣቢያ ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የጥምቀት ማስረጃ፣ ምስክሮች። ገጠር ቤት ውስጥ የተወለደ ልጅ ከሆነ ሲወለድ የነበሩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉና አስቀድማችሁ ለምኗቸው። የሠርግ ወይም የለቅሶ ቀን እንዳይሆንባቸው ቀኑን ራሳቸው ይምረጡት።

የገጠር ቀበሌ ከሆነ ወቅቱን እወቁ። ጥርና የካቲት ላይ ሹማምንቱ ተፋሰስ ልማት ላይ ናቸው። ግንቦትና ሰኔ ማዳበሪያ ነው፤ ሊቀመንበሩን ቢሮው ውስጥ ከምትፈልጉ መጋዘኑ ደጃፍ ብትጠብቁት ይሻላል። ሰኔ መጨረሻ የበጀት መዝጊያ ስለሆነ ከተማ ያለውም ቢሮ ይጨናነቃል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቢሮው ቀለል ይላል፤ ምስክሮቻችሁ ግን አጨዳ ላይ ናቸው። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ መምረጥ ነው።

የክብር መዝገብ ሹሙ ሰርተፍኬቱን ከማተሙ በፊት ደብተራችሁን ከፍታችሁ ፊደል በፊደል አንብቡለት። ኮምፒውተሩ ላይ የጻፈውን እንዲያሳያችሁም በትሕትና ጠይቁ። ከታተመ በኋላ ማስተካከል ሌላ ጉዳይ ሆኖ ይከፈታል። ቀላል የጽሕፈት ስህተት ከሆነ ማስረጃ አቅርባችሁ እዚያው መጠየቅ ነው፤ የስም ለውጥ ከሆነ ግን ወረዳ ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ማኅተሙ ፈዝዞ ከወጣ አሁኑኑ እንዲደገም ጠይቁ። ቀለም ያለቀበት ማኅተም ስንት ሰው እንዳመላለሰ እነሱም ያውቁታል።

አደራ፣ ሰርተፍኬቱን ላሚኔት አታስደርጉ። ሰው ወረቀቱ እንዳይበላሽ ብሎ ያደርገዋል። በኋላ ማረጋገጫ ማኅተም የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ማኅተም አይይዝም። ፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ አስቀምጡት፣ በቂ ነው።

ጋብቻ ላይ ደግሞ የብዙ ጎጃሜ ጉዳይ ይኼ ነው። በቁርባን ወይም በሰማንያ ተጋብታችሁ ዓመታት ኖራችኋል፣ ማዘጋጃ ቤት ግን አልሄዳችሁም። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ወይም የሰማንያው ውል ጋብቻው መፈጸሙን ያሳያል፤ ኤምባሲ የሚፈልገው ግን በመንግሥት መዝገብ የገባውን ነው። ስታስመዘግቡ ሰርተፍኬቱ ላይ ጋብቻው የተፈጸመበትና የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ መስፈሩን አረጋግጡ። ካልተለየ «ለቪዛ ብለው ባለፈው ወር የተጋቡ» ትመስላላችሁ። የድሮውን ሰማንያ፣ የሠርጉን ፎቶ፣ የመልስ ፎቶ፣ ሚዜዎቹ የቆሙበትን ሁሉ አትጣሉ።

በልጅነቷ የተዳረች እናት ካለችና ቀኑ ሲሰላ ከ18 ዓመት በታች የሚያደርጋት ከሆነ፣ ዕድሜዋን ጨምሮ መጻፍ መፍትሔ አይደለም። የትምህርት ቤት መዝገብና የመጀመሪያው ልጅ ልደት ያጋልጠዋል። እውነቱን ይዛችሁ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

4. ልጆቹን ሁሉ አስመዝግቡ፣ ያሳደጋችሁትንም በሕጉ

ማመልከቻ ላይ ልጅ አይደበቅም። ካናዳን ብንወስድ፣ አብሮ የማይሄድ ልጅ እንኳ ቢሆን ማመልከቻው ላይ ካልተገለጸ በኋላ በቤተሰብ ስም ማስመጣት የሚከለክል ደንብ አላቸው። ከሌላ ሴት የተወለደ፣ አያቱ ጋ ሞጣ የሚያድግ፣ ሁሉም ይጻፍ። በካናዳ ደንብ እንደ ጥገኛ የሚቆጠረው ከ22 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጅ ነው፤ ትልቁ ልጃችሁ ወደዚያ ዕድሜ እየተጠጋ ከሆነ ፋይሉን አታዘግዩ።

የእህት ልጅ ወይም የወንድም ልጅ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። እናትና አባት ብሎ የሚጠራው እናንተን ነው። ልደቱ ላይ እንደ ወለዳችሁት አድርጎ ማስጻፍ ግን ወንጀልም ነው፣ ጉዳያችሁንም ገደል ይከታል። ዲ.ኤን.ኤ. ከተጠየቀ ያልወለዳችሁት ብቻ ሳይሆን የወለዳችሁትም አብሮ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። መንገዱ በፍርድ ቤት ጉዲፈቻ ወይም ሞግዚትነት ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ ይጀመር። የምትሄዱበት አገር እንዲህ ያለውን ልጅ እንዴት እንደሚቀበልም ውሳኔው ከመውጣቱ በፊት ጠይቁ።

5. ፓስፖርት

ማመልከቻው በኦንላይን ነው፤ ኢሚግሬሽን ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ ስላለው ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ላይ አያልቅም። ክፍያው ስለሚቀያየር ከአገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ እዩ እንጂ ጎረቤት የነገራችሁን አትያዙ። ኦንላይን ስትሞሉ ስሙን ከደብተሩ ላይ ቅዱ። ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ፈጣን ነው፣ ግን ስማችሁን የሚጽፈው በራሱ ስሜት ነው። «ላክ» ከማለቱ በፊት ወንበሩን ተቀበሉትና አንብቡ።

የልጆች ላይ ሁለቱም ወላጅ ይፈለጋል። አንዱ ውጭ ከሆነ ባለበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና ይሰጣል፤ ያ ውክልና እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ሲያስጽፍ «ለልጄ እገሊት ፓስፖርት እንዲያወጣ፣ ከአገር ይዞ እንዲወጣ» የሚለው ቃል በግልጽ ይግባ። «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ጥቅል ውክልና ይዞ ሄዶ የተመለሰ ብዙ ነው። አንዱ ወላጅ ከሞተ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ከተፋቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይያዝ።

6. ትምህርትና ሥራ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ፣ ሊኖርበት ይችላል። ደብረ ማርቆስም ተማሩ ባሕር ዳር፣ ሬጅስትራር የሚጠይቃችሁ እሱን የከፈላችሁበትን ክሊራንስ ነው። ለዓመታት ከደመወዝ ሲቆረጥ የቆየ ሰው «ከፍዬ ጨርሻለሁ» ይላል፤ ገቢዎች ጋ ሲሄድ መሥሪያ ቤቱ ግማሹን እንዳላስገባ ይሰማል። ስለዚህ ቀድማችሁ አጣሩ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ወይም ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ የሚጠይቅ ተቋም አለና ለሬጅስትራሩ አድራሻውን አስተካክላችሁ ስጡ።

የሥራ ልምድ ወረቀታችን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሠርተዋል፣ መልካም ሥነ ምግባር አላቸው» ብሎ ያበቃል። ካናዳን ለመሰለ አገር ይኼ አይበቃም። የሥራው ዝርዝር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ደመወዙ መጻፍ አለበት። የሰው ሀብት ኃላፊው ፎርማቱ ይኼ አይደለም ካለ ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ውሰዱለት። ብዙው የሚፈልገው ድካሙ እንዲቀርለት ነው።

ለልጆቹ መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ ቢቻል በእንግሊዝኛ። የክትባት ካርድ ከጠፋ ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ይገኛልና ሂዱ። ውጭ አገር ትምህርት ቤት ሲገቡ ይጠየቃል፤ ከሌለ ልጁ እንደገና ይወጋል።

7. ትርጉም

ሁሉም ወረቀት ሳይስማማ አታስተርጉሙ። አለዚያ ስህተቱንም አብራችሁ ታስተረጉማላችሁ፣ ከፍላችሁ! አስተርጓሚው ዘንድ ስትሄዱ የደብተራችሁን የስም ዝርዝር ስጡት፣ ስሙን በጆሮው ሰምቶ አይጻፍ። ትርጉሙ ላይ የተርጓሚው ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን ይኑር። ዘመድ ተርጓሚ ቢኖራችሁም ለካናዳ አይሆንም፤ የቤተሰብ አባል የተረጎመውን አይቀበሉም።

8. ቀን የሚያልፍባቸው

አሁን ነው የሚያረጁትን የምትጀምሩት። ለእንግሊዝ የሚሠራው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወረቀት 6 ወር ነው የሚያገለግለው። የካናዳ የጤና ምርመራ 12 ወር። ከወንጀል ነፃ የሚለው፣ በፌዴራል ፖሊስ አሻራ ተነስቶ የሚወጣው፣ ለካናዳ ከሆነ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ የወጣ ይፈለጋል። የአይልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት 2 ዓመት። የባንክ ስቴትመንት ደግሞ ትኩስ ይፈለጋል። ሰው ጓጉቶ የፖሊሱን መጀመሪያ ያወጣና ልደቱ ሲስተካከል የፖሊሱ ቀን ያልፍበታል። እንደገና አሻራ፣ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና አልቤርጎ።

9. አዲስ አበባ

ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ከዚያ በጣም ይርቃል። መንገዱ በሰላሙ ጊዜ የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ግን መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሰው ቀጠሮው አልፎበት ቀርቷል። ቀጠሮ ስትይዙ ከፊቱ በርከት ያለ ቀን ተዉ። የኢንተርኔት ነገር ስለማይታመን የፋይላችሁን ኮፒ አዲስ አበባ ያለ የምታምኑት ዘመድ ስልክ ላይ አስቀምጡ፣ ኢሜይላችሁንም እየከፈተ የሚያይላችሁ ሰው ይኑር። የቪዛ መልስ መጥቶ ሳታዩት ቀኑ እንዳያልፍ ነው።

ልጆቹን ሁሉ ይዞ መሄድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። ለካናዳ አሻራ የሚሰጠው ከ14 እስከ 79 ዓመት ያለ ነው፤ ትንንሾቹ ለዚያ ብለው በረሃውን መውረድ የለባቸውም። ለእንግሊዝ ግን ሕፃኑም ለፎቶ ይቀርባል።

ዋናውን ሰነድ በአውቶቡስ ረዳት አትላኩ። ግድ ከሆነ በፖስታ ቤት ኢ.ኤም.ኤስ.፣ ደረሰኙ ይቀመጥ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ የሚሰጠው የሚያውቀውን ፊርማና ማኅተም አይቶ ነው። ስለዚህ ከጎጃም ሳትነሱ በስልክም በሰውም ሰነዳችሁ ላይ የማን ፊርማ መኖር እንዳለበት ጠይቁ። በመሃል የዞን ወይም የክልል ማኅተም የሚፈልግ ከሆነ እዚያ ደርሶ መመለስ ያበሳጫል።

10. ባለጉዳይ ሲሆኑ

«ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ነገ ተመለሱ»። መድኃኒቱ ጩኸት አይደለም። ቀና ብላችሁ ሰላም በሉ፣ ታላቅ ሴት ከሆነች እትዬ፣ ወንድ ከሆነ ጋሼ፣ ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ነገ ስንት ሰዓት? ማንን ልጠይቅ?» ደብዳቤ ካስገባችሁ የመዝገብ ቤት ቁጥሩን ጻፉ። ቁጥር ያለው ባለጉዳይና «ባለፈው ሳምንት አስገብቼ ነበር» የሚል ባለጉዳይ እኩል አይስተናገዱም። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፎ ታያላችሁ፤ አገልግሎቱ በስንት ቀን እንደሚያልቅና ስንት እንደሚከፈልበት ይናገራል። ማንም አያነበውም፤ እናንተ አንብቡት፣ በስልክም አንሱት። ከቀኑ ካለፈ ቅሬታ ሰሚ አለ፣ ከዚያም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ሰው ግን ቅሬታ የሚያቀርበው በቃል ነው። በጽሑፍ አድርጉት።

በር ላይ የሚጠብቅ ጉዳይ ገዳይ አለ። ሰልፍ የሚያስቀድም ይመስላል፣ አንዳንዴም ያስቀድማል። አደጋው ሰነዱን እሱ «ሲያሠራው» ነው። የአንድ የማውቃቸው ቤተሰብ ልደት መልኩ ያምር ነበር፣ መዝገብ ላይ ግን ቁጥሩ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ኤምባሲ መዝገቡን አስጠይቆ ሲያጣራ እናንተ አጠገቡ የላችሁም። ሐሰተኛ ሰነድ የያዘ ሰው ካናዳ 5 ዓመት፣ እንግሊዝ 10 ዓመት ድረስ ይታገዳል። የጉዳይ ገዳዩ ስልክ ደግሞ በዚያ ሰዓት አይነሳም።

11. ከመውጣታችሁ በፊት እዚህ የሚዘጋው

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ። ቪዛው ሳይታተም አትልቀቁ፣ ይኼን ስንቱ ቸኩሎ ተቸገረበት። ክሊራንሱንና የሥራ ልምዱን ሳትይዙም አትውጡ፤ ከውጭ ሆኖ ማስጻፍ ዘመድ ማንከራተት ነው።

ቤት፣ መሬት፣ የባንክ ሒሳብ ለሚጠብቅላችሁ ሰው ውክልና ስትሰጡ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል በስም ይዘርዘር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚያስተዳድር እንጂ የሚሸጥ አይደለም፤ መሸጥ እንዲችል ከፈለጋችሁ ተለይቶ ይጻፍ፣ ካልፈለጋችሁም «መሸጥ አይችልም» ይባል። የገጠር መሬት ደብተር በባልና ሚስት ስም ስለሚሆን ሁለታችሁም ፈርሙ። መሬቱን ለማን እንደምትተዉና በምን መልኩ እንደሚያርሰው ወረዳው መሬት አስተዳደር ጋ ጠይቃችሁ በጽሑፍ አድርጉት፤ በወንድማማች መካከልም ቢሆን። ዕድሩንም ንገሩ፤ መዋጮውን ማን እንደሚከፍል ካልታወቀ ስማችሁ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ወላጁ እዚህ አገር ቤት የቀረ ሰው ደግሞ ዕድር ያስፈልገዋል።

ሻንጣ ሲታሰር ዋና ሰነዶቹ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ፣ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይግቡ። እናት አንድ ማኅደር፣ አባት ሌላ፤ እያንዳንዳቸው የሁሉንም ኮፒ ይያዙ፣ ምክንያቱም ቦሌ ላይ አንዱ ከልጅ ጋር መጸዳጃ ቤት ሲሄድ መስኮቱ ላይ የሚጠራው የሌላው ስም ነው። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የሌላው ወላጅ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ከላይ ይቀመጥ። የቢጫ ወባ ካርድ የሚጠይቅ አገር ካለ ትራንዚቱንም ቆጥራችሁ ያዙት፤ አንዴ የወጣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ያቺ የስም ደብተርም አብራ ትሂድ። እዚያ ደርሳችሁ የመጀመሪያውን ፎርም ስትሞሉ፣ የልጆቹን ስም ፊደል አይታችሁ የምትቀዱት ከእሷ ነው።